ሚኒ ሱሞ ሮቦት አሠራር፦ ከጎማው እስከ ግጥሚያው

ከተማሪዎች የሮቦት ውድድሮች ውስጥ ለጀማሪ ቡድን የሚበጀው ሚኒ ሱሞ ነው። መስመር የሚከተል ሮቦት መሥራት ይቀል ይሆናል፤ ነገር ግን እዚያ አንደኛውና አሥረኛው የሚለያዩት በሴኮንድ ክፍልፋይ ስለሆነ ስህተቱ የት እንዳለ በዓይን አይታይም። ሱሞ ላይ ሁለት ሮቦቶች ክብ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ፣ የተገፋው ይወጣል፣ ለምን እንደተገፋም ልብ ብሎ ላየ ሰው ግልጽ ነው። ውድድሩ ጃፓን ውስጥ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ ነው፤ ሜዳው ዛሬም በጃፓንኛ ስሙ «ዶህዮ» ይባላል።

ከሁሉ በፊት ደንቡ

በብዛት የሚሠራበት የሚኒ ሱሞ ደንብ አጭር ነው። ሮቦቷ ስትነሳ ወርዷና ርዝመቷ ከ10 በ10 ሴንቲሜትር፣ ክብደቷ ከ500 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ቁመቷ ገደብ የለውም። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር 77 ሴንቲሜትር የሆነ ጥቁር ክብ ነው፤ ጠርዙን 2.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ነጭ መስመር ይዞረዋል። ግጥሚያው 3 ደቂቃ ሲሆን ከሦስት ዙር ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል። የማስነሻ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ሮቦቷ 5 ሴኮንድ ሳትንቀሳቀስ ትጠብቃለች። በሪሞት መንዳት የለም፤ ራሷ አይታ ራሷ ትወስናለች። ሜዳውን የሚቧጭር፣ ፈሳሽ ወይም ዱቄት የሚረጭ፣ የተጋጣሚን ሴንሰር ሆን ብሎ የሚያውክ ሮቦት ይታገዳል። ጎማውም መጣበቅ የለበትም፦ ሮቦቷን ኤ4 ወረቀት ላይ አቁመው ያነሷታል፤ ወረቀቱ ተከትሏት ተነሥቶ ከ2 ሴኮንድ በላይ ካልወደቀ ጎማው አያልፍም።

እናንተ የምትገቡበት ውድድር አንዱን ወይም ሌላውን አንቀጽ ለውጦት ሊሆን ይችላል። ደንቡን አትማችሁ ሥራ ጠረጴዛው ላይ ለጥፉት። በተለይ ሮቦቷ የምትነሳው በቁልፍ ነው ወይስ ዳኛው በያዘው ኢንፍራሬድ ሪሞት የሚለውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ሁለተኛው ከሆነ ተጨማሪ መቀበያ ያስፈልጋል፣ እሱን በመጨረሻው ሳምንት ማስገባት ደግሞ ራስ ምታት ነው።

ግፊት የሚመጣው ከጎማ ነው

ጀማሪ ቡድን ገንዘቡንም ሐሳቡንም ሞተር ላይ ያውላል። ሱሞን የሚወስነው ግን ጎማው መሬት የሚይዝበት ኃይል ነው፤ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ ጎማው ከተንሸራተተ ጉልበቱ የትም አይደርስም። ስሌቱ ቀላል ነው። ከ500 ግራሙ 425 ግራም ያህሉ ጎማዎቹ ላይ ካረፈና የጎማው የሰበቃ ምጣኔ (ከተሸከመው ክብደት አንጻር መሬት የሚይዝበት መጠን) 1 ገደማ ከሆነ (ለስላሳና ንጹህ ሲሊኮን እዚያ ይደርሳል) ሮቦቷ ከ425 ግራም ክብደት ጋር የሚመጣጠን ግፊት ትሰጣለች። ያው ሲሊኮን አቧራ ሲይዝ ምጣኔው ክፉኛ ይወርዳል፤ በሁለት ሞተር የጨመራችሁትን ጉልበት አንድ ሽፋን አቧራ ይወስደዋል ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥታችሁ ሞተር ምረጡ። የጎማው ዲያሜትር 32 ሚሊሜትር ቢሆን ግማሹ 1.6 ሴንቲሜትር ነው፤ 0.425 ኪሎግራምን በ1.6 ብታባዙ 0.68 ኪሎግራም-ሴንቲሜትር ይመጣል፣ ለሁለት ሞተር ሲካፈል ለእያንዳንዱ 0.34። ሞተሩ ተይዞ ሲቆም የሚሰጠው የመጠምዘዝ ጉልበት የዚህን ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 1 ኪሎግራም-ሴንቲሜትር ገደማ እንዲሆን አድርጉ። ኤን20 የሚባሉት ትናንሽ ባለ ብረት ጥርስ ሞተሮች፣ የ6 ቮልት ከፍተኛ ኃይል ያላቸው፣ በ75 ለ 1 የማርሽ ምጣኔ (ሞተሩ 75 ጊዜ ሲዞር ጎማው 1 ጊዜ) እዚህ አካባቢ ናቸው፤ በደቂቃ 400 ዙር ያህል ይሽከረከራሉ። በ32 ሚሊሜትር ጎማ ይህ በሴኮንድ 67 ሴንቲሜትር ነው፤ ሜዳውን በአንድ ሴኮንድ አካባቢ ታቋርጣለች። 30 ለ 1 ያለው ይፈጥናል፣ ሆኖም ፊት ለፊት ሲጋጠም ሊቆም ይችላል።

ሦስት እጥፉ ለጉራ አይደለም። በደንብ የተሠራች ሮቦት ከግድግዳ ጋር ስትገፋ ጎማዋ ይንሸራተታል እንጂ ሞተሯ አይቆምም። ሞተሩ ቀድሞ ከቆመ እያንዳንዱ 1.5 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል፣ ድራይቨሩ (ለሞተሮቹ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሰሌዳ) ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል፤ ከውጭ ሲታይ ሮቦቷ መሀል ላይ «ሞተች»። ስለዚህ ሮቦቷን ከግድግዳ ጋር አስገፍታችሁ ሞክሩ። ጎማው ካልዞረ ወይ የማርሹን ምጣኔ ጨምሩ ወይ ጎማውን አሳንሱ።

ሁለት ሰፊ ጎማ (ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር ወርድ) ከኋላ፣ ምላጭ (ተጋጣሚው ሥር የሚገባ ቀጭን የብረት ላሜራ) ከፊት፦ ለመጀመሪያ ሮቦት ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ የለም። አራት ጎማ በሁለት ሞተር ብቻ ከተነዳ ያልተነዱት ሁለቱ የተሸከሙት ክብደት ለግፊት ይባክናል።

ምላጩና ክብደቱ

ሁለት ሮቦቶች ሲጋጠሙ ከሥር የገባው ያሸንፋል። የተጋጣሚው ፊት ትንሽ እንኳ ከተነሣ ክብደቱ የእናንተ ጎማ ላይ ያርፋል፤ የእሱ ግፊት ይቀንሳል፣ የእናንተ ይጨምራል። ስለዚህ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ የብረት ላሜራ ወርዱን ሙሉ ከፊት ታስሮ፣ ዘንበል ብሎ፣ ጫፉ ሜዳውን መንካት አለበት። መንካቱን የምታረጋግጡት በወረቀት ነው። ሮቦቷን ልምምድ ሜዳው ላይ አቁሙ (ጠረጴዛ ላይ አይደለም፣ ጠረጴዛ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ አይደለም)፤ የተለመደ የጽሕፈት ወረቀት 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ጫፉን ከግራ እስከ ቀኝ ምላጩ ሥር ለማስገባት ሞክሩ። ወረቀቱ በገባበት ቦታ የተጋጣሚ ምላጭም ይገባል። የምላጩን ብሎን ቀዳዳ ሞላላ አድርጋችሁ ብትቆርጡ ከፍ ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። ሁለቱን የጎን ማዕዘኖች በሞረድ አዙሩ፤ ሜዳ የሚቧጭረው አብዛኛውን ጊዜ ማዕዘኑ ነው።

የክብደት ክፍፍሉን በወጥ ቤት ሚዛን ለኩ። ጎማዎቹን ሚዛኑ ላይ፣ የምላጩን ጫፍ ከሚዛኑ እኩል ከፍታ ባለው ሌላ ነገር ላይ አሳርፉ፤ የሚነበበው ጎማው የተሸከመው ነው። ከ500 ግራም ከ425 እስከ 450 ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ መሄድ የሚያስመኝ ቢሆንም ሮቦቷ በድንገት ስትነሳ ፊቷ ብድግ ይላል፤ ምላጩ ለቅጽበት ከሜዳው ከለቀቀ ተጋጣሚው የሚፈልገው እሱን ነው። ስልክ በቀስታ ቀረጻ (ስሎው ሞሽን) አድርጋችሁ መነሻዋን ከጎን ቅረጹ፤ በዓይን የማይታየው ብድግታ እዚያ ይታያል።

ሞተር፣ ባትሪ፣ ሴንሰርና ሰሌዳ ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከ300 ግራም በታች ነው የሚመጡት። ቀሪውን በብረት ቁራጭ ሙሉት፤ ከሻንሲው ወለል ጋር ተጠግቶ፣ ከጎማው ዘንግ ትንሽ ወደ ፊት። ጠቅላላውን ከ490 እስከ 495 ግራም ላይ አቁሙት። የቤታችሁ ሚዛንና የዳኛው ሚዛን አንድ ዓይነት አያነቡም፤ በ2 ግራም ምክንያት ምርመራ ጠረጴዛ ላይ ብሎን መፍታት አሳዛኝ ነው።

ኤሌክትሪኩ

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ አርዱዊኖ ናኖ (ኮዱ የሚሠራባት ትንሽ ሰሌዳ)፣ ቲቢ6612 ሞተር ድራይቨር፣ ባለ ሁለት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ (7.4 ቮልት፣ ከ300 እስከ 450 ሚሊአምፔር-ሰዓት)። ኤል298ኤን የሚባለው ድራይቨር የትም ይገኛል፣ ግን ትልቅ ነው፣ ከዚያም በላይ ከባትሪው 2 ቮልት ገደማ ራሱ በሙቀት ያባክናል። አራት ማዕዘኗን የ9 ቮልት ባትሪ ደግሞ ጨርሶ አታስቡ፤ ሞተሮቹ ጉልበት ሲጠይቁ ቮልቴጇ ወዲያው ይወድቃል።

ቮልቴጅ ሲወድቅ የሚሆነው ነገር ሱሞ ላይ ልዩ መልክ አለው። ሮቦቷ ስትጋጭ ወይም በድንገት ወደ ኋላ ስትዞር ሞተሮቹ ብዙ አምፔር ይስባሉ፣ አርዱዊኖው ለቅጽበት ይጠፋና እንደገና ይነሳል፣ ኮዱም ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ የኮዱ መጀመሪያ ደግሞ ቁልፍ መጠበቅ ነው። መሀል ሜዳ ላይ ቆማ የምትገፋ ሮቦት ካያችሁ ኮዱን ከመውቀሳችሁ በፊት ይህን ጠርጥሩ። ለማረጋገጥ ኮዱ ሲነሳ ኤልኢዷን (የሰሌዳውን ትንሽ መብራት) ሦስት ጊዜ ብልጭ እንዲያደርግ ጻፉ፤ በግጥሚያ መካከል ብልጭታው ከታየ ሪሴት አድርጋለች። መፍትሔው ድራይቨሩ ጋ በባትሪው ሁለት ሽቦዎች መካከል ኤሌክትሪክ ለቅጽበት የሚያጠራቅም 470 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት ካፓሲተር (ፕላስና ማይነሱን አታሳስቱ፣ ይፈነዳል)፣ በእያንዳንዱ ሞተር ጫፎች ላይ 100 ናኖፋራድ፣ በኮዱ ደግሞ ከሙሉ ወደ ፊት ወደ ሙሉ ወደ ኋላ ከመዞር በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊሴኮንድ ብሬክ።

ብሬድቦርድ (ሳይበየድ የሚሰካበት ሰሌዳ) እና ጃምፐር ሽቦ ለሙከራ እንጂ ለግጥሚያ አይሆኑም፤ ሁለት ግጭት አይችሉም። ሁሉንም ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ ላይ በየዱ፣ ሽቦዎቹን ሥራቸው ላይ በሙቅ ማጣበቂያ ያዙ፣ ብሎኖቹ ላይ ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጉ። ሊፖው ሲሞላ 8.4 ቮልት ነው፤ በአንድ ሴል ከ3.3 በታች አታውርዱት፣ ሴሎቹን እኩል በሚሞላው በራሱ ባላንስ ቻርጀር ብቻ ሙሉት፣ ያበጠውን አትንኩት።

የምታየው ምንድን ነው

ለነጩ መስመር ሁለት ቲሲአርቲ5000 ዓይነት ሴንሰሮች (ኢንፍራሬድ ልከው ነጸብራቁን የሚለኩ) ይበቃሉ፤ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ከምላጩ ጀርባ። ከፍታቸው ወሳኝ ነው። ይህ ሴንሰር በደንብ የሚያየው ከ2.5 ሚሊሜትር ርቀት ነው፤ 3 ሚሊሜትር ላይ ሲሆን ነጭና ጥቁር እንደ ቀንና ሌሊት ይለያያሉ፣ 10 ሚሊሜትር ላይ ሲሆን ቁጥሮቹ ይቀላቀላሉ። በተለመደው አያያዝ ነጭ ላይ ቁጥሩ ዝቅ፣ ጥቁር ላይ ከፍ ይላል። ሜዳው ላይ አሥር ቦታ ለክታችሁ ዝቅተኛውን የጥቁር ንባብና ከፍተኛውን የነጭ ንባብ ያዙ፤ መለያው የሁለቱ መካከል ነው። ከዚህ የሚሻል ዘዴም አለ፦ ያ 5 ሴኮንድ ባክኖ እንዳይቀር ሮቦቷ ጥቁሩን በዚያ ጊዜ ትለካና መለያውን ግማሹ ላይ ታድርግ። የአዳራሹ መብራት ቢቀየርም አትደናገርም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ ሜዳው መነሻ መስመር ካለው ሴንሰሩ እሱ ላይ እንዳያርፍ።

ተጋጣሚን ለማየት ብዙዎች ርቀትን በድምፅ በሚለካው አልትራሶኒክ (ኤችሲ-ኤስአር04) ይጀምራሉ፤ በቀላሉ ስለሚገኝ። ችግሩ ጊዜ ነው። ሮቦቷ በሴኮንድ 67 ሴንቲሜትር ስትሮጥ 2.5 ሴንቲሜትሩን መስመር በ37 ሚሊሴኮንድ ታልፈዋለች። ይህ ሴንሰር ደግሞ ፊቱ ምንም ከሌለ 38 ሚሊሴኮንድ ያህል ይጠብቃል። ሦስት ተክላችሁ ተራ በተራ ብትጠይቁ 114 ሚሊሴኮንድ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሮቦቷ 7 ሴንቲሜትር ተኩል ተጉዛለች፣ ማለትም ማንም ሳይነካት ራሷ ወርዳለች። «ሴንሰሩ ይሠራል፣ ግን ትወድቃለች» የሚል ቡድን ብዙ ጊዜ በሽታው ይህ ነው። በዚህ ላይ ዘንበል ያለ የላሜራ ፊት ድምፁን ወደ ላይ ያንጸባርቀዋል፣ ተጋጣሚውም ተመሳሳይ ሴንሰር ካለው ድምፃቸው ይምታታል።

የሚመከረው ዲጂታል ኢንፍራሬድ ሴንሰር ወይም ቪኤል53ኤል0ኤክስ የተባለው ትንሹ ሌዘር ነው። ሌዘሩ በተለመደው አሠራሩ በ33 ሚሊሴኮንድ አንዴ ስለሚለካ ተከታታይ ልኬት ላይ አድርጉትና ውጤት ሲደርስ ብቻ አንብቡ፤ ቆሞ የሚጠብቀውን ትእዛዝ ከተጠቀማችሁ የአልትራሶኒኩ ችግር ተመልሶ ይመጣል። ሁሉም በአንድ አድራሻ (ሰሌዳው በሚጠራቸው ቁጥር) ስለሚወለዱ ሲነሱ አንድ በአንድ አብርታችሁ አድራሻ ቀይሩላቸው። ሦስት ይበቃሉ፦ አንድ ፊት ለፊት፣ ሁለት ወደ ጎን 45 ዲግሪ። ርቀቱን ከ40 እስከ 50 ሴንቲሜትር ላይ ገድቡት፤ አለዚያ የዳኛውን እግር እየተከተለች ከሜዳው ትወርዳለች።

ኮዱ

ቅደም ተከተሉ የማይለወጥ ሦስት ደረጃ ነው፦ መጀመሪያ መስመር፣ ቀጥሎ ተጋጣሚ፣ በመጨረሻ ፍለጋ። ሉፑ (ኮዱ እየደጋገመ የሚሠራው ክፍል) በዞረ ቁጥር መስመሩ ይጠየቃል፤ ነጭ ከታየ ሌላው ሁሉ ይቆማል። የግራው ካየ 120 ሚሊሴኮንድ ያህል ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ መዞር፤ የቀኙ ካየ ተቃራኒው። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ሮቦት አስተካክሉ፤ ባትሪው ሙሉ ሲሆንና ሲደክም የመዞሪያው ማዕዘን ይለያያልና በሁለቱም ሞክሩ።

«ተጋጣሚን ስትገፋ መስመሩን አይታ ብትመለስስ?» የሚለው ስጋት ከንቱ ነው። ሴንሰሮቻችሁ ነጩን ሲነኩ ፊታችሁ ያለው 10 ሴንቲሜትር ሮቦት ከአካሉ አብዛኛው ወጥቷል። መስመሩን ከአንደኛ ደረጃ ማውረድ ግን ሁለታችሁም አብራችሁ እንድትወድቁ ያደርጋል።

ዲሌይ የሚለውን «ቆመህ ጠብቅ» ትእዛዝ ከኮዱ አውጡ፤ ዲሌይ ላይ ያለች ሮቦት ዕውር ናት። ጊዜውን በሚሊስ (ሰሌዳው ከበራ ስንት ሚሊሴኮንድ እንዳለፈ በሚነግረው ትእዛዝ) ቁጠሩ፣ 5 ሴኮንዱንም ጭምር፤ እሱንም 5.05 አድርጉት፣ 4.98 ላይ መነሳት ዙር ያስቀጣል። ፍለጋ ላይ የምትሽከረከረው ተጋጣሚው መጨረሻ ወደታየበት ጎን ይሁን፤ ይህ አንድ ተለዋዋጭ ብቻ የሚጠይቅ ነገር ነው፣ የሚያተርፈው ጊዜ ግን ብዙ ነው። ሦስት የመነሻ ስልት (ቀጥታ፣ በግራ ዞሮ፣ በቀኝ ዞሮ) ጽፋችሁ በትንሽ ማብሪያ እንዲመረጥ አድርጉ። ሁልጊዜ ቀጥታ የምትነሳ ሮቦት በሁለተኛው ዙር ተነብባለች።

የልምምድ ሜዳ

ኮምፔንሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ ላይ ሚስማር ምቱ፣ በ38.5 ሴንቲሜትር ክር ክቡን አስምሩና ቁረጡ። በዚያው ሚስማር 36 ሴንቲሜትር ላይ ሁለተኛ ክብ አስምሩ፤ ውስጡ የማያብረቀርቅ ጥቁር፣ ውጭው ነጭ ይቀባል። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ኢንፍራሬድን እንደ ነጭ ሊመልስ ስለሚችል አይሆንም። መጀመሪያ የማይንቀሳቀስ 500 ግራም ሳጥን አስገፏት፣ ቀጥሎ እጃችሁ የሚያንቀሳቅሰው ሳጥን፣ ከዚያ የራሳችሁን ሁለተኛ ሮቦት፣ አስቀያሚም ብትሆን። ሃያ ዙር በተከታታይ ሳትበላሽ ካልጨረሰች ለውድድር አልደረሰችም።

የውድድሩ ቀን

ከካርቶን በ10 በ10 ሴንቲሜትር ሳጥን ሠርታችሁ ሮቦቷን ከላይ አውርዷት፤ የምታስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጎን የወጣች አንዲት ሽቦ ናት። ሦስት ባትሪ ቁጥር ጻፉባቸው፣ የሞላውንና ያለቀውን በተለያየ ኪስ ያዙ። መበየጃ፣ ካቻቪቴ፣ የዩኤስቢ ገመድ፣ ትርፍ ሞተርና ጎማ፣ አልኮል፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ። ጎማውን ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት በአልኮል ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ፤ እርጥብ ሲሊኮን ከአቧራማው አይሻልም። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ያ ሁሉ ግፊት ነበር።

ተራችሁ እስኪደርስ ሌሎችን ተመልከቱ። አንድ ሰው ደብተር ይዞ የእያንዳንዱን ሮቦት የመጀመሪያ እንቅስቃሴ ይጻፍ፦ በየት ይዞራል፣ ጎኑ ላይ ሴንሰር አለው ወይ፣ ምላጩ ተነሥቷል ወይ። ጎን ሴንሰር ለሌለው ተጋጣሚ በግራ ወይም በቀኝ ዞሮ መነሳት ግማሽ ድል ነው። አብዛኛው ደንብ ሮቦቷን ሜዳው ላይ የሚያስቀምጠው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ስለሚፈልግ እጁ የማይንቀጠቀጠውን ምረጡ፤ ቁልፉን ተጭኖ ወዲያው ይራቅ፣ ሜዳው አጠገብ የቀረ ጉልበት በሮቦቷ ዓይን ተጋጣሚ ነው። ቅሬታ ካላችሁ አንዱ የቡድን መሪ ሜዳውን ሳይለቅ፣ ደንቡን ጠቅሶ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያቅርብ።

በሁለት ግጥሚያ መካከል ኮድ መነካካት የሽንፈት ሁሉ እናት ነው። የሴንሰር መለያ ወይም የመዞሪያ ጊዜ መቀየር ይቻላል፣ አዲስ ስልት መጻፍ ግን አይሆንም። ለውጥ ካደረጋችሁም የቀድሞውን ፋይል በሌላ ስም አስቀምጡ።

ሁሉም ሲያልቅ ባትሪዎቹን እንደሞሉ ወይም እንደደከሙ ቦርሳ ውስጥ አትተዋቸው። በአንድ ሴል 3.8 ቮልት ላይ አድርሳችሁ፣ ከሮቦቷ ነቅላችሁ፣ እሳት በማይዝ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ።